የውድድር ሪሞት መኪናን መቀባት፣ ማስዋብና ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው በአብዛኛው ስለ 1/10 (የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የሚያክል) የአስፋልት መኪና ነው፤ ትንንሾቹ 1/28 ሲነሱ ለይተን እንጠራቸዋለን።

የልጆች ሪሞት መኪናና የውድድሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የልጆቹ ሲበላሽ ይጣላል። የውድድሩ ሲበላሽ ይፈታል። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ጥርሶቹ፣ ሾኮቹ፣ ቦዲው፣ ሁሉም ለየብቻ ይሸጣል፤ ለየብቻ ይቀየራል። ብዙውን ጊዜ መኪናው ራሱ ተበታትኖ በካርቶን ይመጣና ባለቤቱ ይገጣጥመዋል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን ሪሞት መኪናውን፣ 1/12 ፖርሽ 934ን፣ ገበያ ላይ ያዋለው በ1976 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ ለጀማሪ ብዙ ሰው የሚጠቁመው የዚሁ ኩባንያ ቲቲ-02 ነው። አራቱም ጎማ ይነዳል፣ መለዋወጫው ብዙ ነው፣ ቢጋጭም አያስለቅስም። ሳሎን ውስጥ መንዳት ለሚፈልግ ደግሞ የኪዮሾ ሚኒ-ዚ አለ። 1/28 ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። የሚሠራውም በአራት ትሪፕል ኤ ባትሪ ነው፤ ያው የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ የምናውቀው ቀጭኑ።

ቦዲው ለምን እንደ መስታወት ግልጽ ሆኖ ይመጣል?

ከውስጥ ስለሚቀባ። የ1/10 ቦዲ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ስስ ፕላስቲክ ይሠራል። ሲጋጭ ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ቀለሙ ከውስጥ ከሆነ መኪናው አስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚጫረው ፕላስቲኩ ነው፤ ቀለሙ አይነካም። ከውጭ ደግሞ ማንም ሳያሻሸው ያብረቀርቃል።

እኔ የመጀመሪያ ቦዲዬን የቀባሁት ከውጭ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በጣም ያምር ነበር፣ እስከ መጀመሪያው ግድግዳ ድረስ።

የሚኒ-ዚ ነገር ተቃራኒ ነው። ቦዲው ጠንካራ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ስለሆነ ከውጭ ነው የሚቀባው። አብዛኛው ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል፤ በራሱ እጅ መቀባት ለሚፈልግ ግን ነጩ ለብቻው ይሸጣል።

ከሃርድዌር ሱቅ የገዛሁት የመኪና ስፕሬይ አይሆንም?

ለሳምንት ይሆናል። የተለመደው ስፕሬይ ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። ቦዲው ሲታጠፍ ቅርፊቱ አብሮ መታጠፍ አይችልምና እንደ አሮጌ ግድግዳ ይረግፋል። ለፖሊካርቦኔት የተሠራ ቀለም ግን ከፕላስቲኩ ጋር ተያይዞ አብሮት ይታጠፋል።

የታሚያን ቆርቆሮ ከገዛችሁ ፊደሉን አስተውሉ። ‹ፒኤስ› የሚለው ለፖሊካርቦኔት ነው፤ ‹ቲኤስ› የሚለው ለጠንካራ ፕላስቲክ። ቆርቆሮዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። ለ1/10 ቦዲ ፒኤስ፣ ለሚኒ-ዚ ነጭ ቦዲ ቲኤስ ያዙ። ብታገላብጡት አንደኛው ይረግፋል፣ ሌላኛው ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል። አንዱ ቆርቆሮ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአንድ ቦዲ በአንድ ቀለም ይበቃል።

ከመቀባቴ በፊት ምን ላድርግ?

እጠቡት። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ፣ በለስላሳ ስፖንጅ። ፋብሪካው ቦዲውን ከሻጋታ ሲያወጣ የቀረ ቅባት አለበት፤ ዓይን አያየውም፤ ቀለም ግን ያየዋል። ከታጠበ በኋላ ውስጡን በጣታችሁ አትንኩት። በቲነር ወይም በአሴቶን ማጽዳት ግን አይታሰብ፤ ፖሊካርቦኔት ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቦዲው ሻሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ምሰሶዎች ቦታ አሁኑኑ በማርከር ምልክት አድርጉ። ቦዲው ግልጽ ስለሆነ ምሰሶዎቹ ከላይ ይታያሉ። ከተቀባ በኋላ ፍለጋው በግምት ነው፤ በግምት የተበሳ ቦዲ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ መስኮቶቹን ሸፍኑ። አብዛኛው ቦዲ ለመስኮቶቹ ተቆርጦ የተዘጋጀ መሸፈኛ አብሮት ይመጣል። ከሌለው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሠራል። ጠርዙን በጥፍር ጫን ጫን አድርጉት። ቀለም የሚሾልከው ሁልጊዜ ከጠርዝ ነው።

ሁለት ቀለም ስቀባ የትኛው ይቅደም?

ጠቆር ያለው። እዚህ ጋ ጭንቅላትን ገልብጦ ማሰብ ይጠይቃል። ግድግዳ ስንቀባ መጨረሻ ላይ የቀባነው ነው የሚታየው። ከውስጥ ስንቀባ ግን የሚታየው መጀመሪያ የነካው ነው። የኋለኛው ሁሉ ጀርባ ሆኖ ይቀራል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ቦዲ የአዲስ አበባ ታክሲ ላስመስለው ብዬ ተነሳሁ፤ ታች ሰማያዊ፣ ላይ ነጭ። መጀመሪያ ነጩ የሚያርፍበትን ክፍል በፕላስተር ሸፈንኩ። ሰማያዊውን ነፋሁ፤ ደረቀ። ፕላስተሩን አነሳሁና ነጩን በሁሉም ላይ፣ በሰማያዊው ጀርባ ጭምር፣ ነፋሁት። ከውጭ ሲታይ ድንበሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ነጩን አስቀድሜ ቢሆን ኖሮ ሰማያዊው ከጀርባው ገብቶ ነጩን ያቆሽሸው ነበር፤ ነጭ ስስ ነው፣ ጀርባውን ያሳብቃል።

ፍሎረሰንት ቀለሞችም (እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ የሚያበሩት) እንደዚሁ ስስ ናቸው። ከጀርባቸው ነጭ ካልተነፋ የደበዘዙ ይሆናሉ። ብርሃን የሚያሳልፉት፣ ከረሜላ የሚመስሉት ቀለሞች ደግሞ ጀርባቸው ብርማ ሲሆን ይደምቃሉ።

ቀለሙ ተንጠባጠበብኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ቸኮላችሁ። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን አትሞክሩ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ፣ ስስ አድርጋችሁ ንፉ። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ቦዲው የተቀባ መምሰል የለበትም፤ አቧራ የተበተነበት ቢመስል ነው ጥሩ። ሦስት አራት ዙር ያስፈልጋል፤ በየመሐሉ ይድረቅ። ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ቀለሙን ያደቀዋል። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ የፈላ ውሃ ቆርቆሮውን ያፈነዳዋል። በክረምት ዝናብ ሲጥል ደግሞ ተዉት። እርጥበት ቀለሙን ያደፈርሰዋል።

በምን ልቁረጠው?

ቀጥታ መስመሩን በካተር ሳትበሱ ስሉት፤ ከዚያ ጎንበስ ቀና ስታደርጉት ራሱ መስመሩን ይዞ ይለያል። የጎማውን ቅስት ደግሞ አፉ በተጠማዘዘ ትንሽ መቀስ። የጥፍር መቀስም ያስኬዳል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሻካራ ጠርዝ ነው።

ስቲከሩ ለምን ተነስቶ ይሄዳል?

መልሱን ስትሰሙ እንዳትስቁ። ቦዲው ከውጭ በኩል ስስ መከላከያ ፕላስቲክ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ስፕሬይ እንዳይነካው። ከተቀባ በኋላ መላጥ አለበት። ስንቱ ሰው ስቲከሩን እዚያ ላይ ለጥፎ፣ ወር ቆይቶ አንድ ጥግ ሲነሳ ሙሉው ጌጥ አብሮ ተልጦበታል። እኔ ግን አንዴ ብቻ ነው።

አለጣጠፉ ላይ፣ ላርጎ ጠብ ያለበት ውሃ ቦዲው ላይ አርከፍክፉ። ስቲከሩ ተንሸራትቶ ቦታውን እስኪይዝ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከዚያ ውሃውንና አየሩን ባረጀ ኤቲኤም ካርድ ወደ ጠርዝ ግፉት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ሙቀት ስትሰጡት ይለጠጣል። የወረቀት ስቲከር አትግዙ፤ ቪኒል ይሁን። የባጃጅና የሚኒባስ ጌጥ የሚሠሩት ስቲከር ቤቶች የፈለጋችሁትን ቅርጽ በቪኒል ይቆርጡላችኋል፤ መጠኑን ስትነግሯቸው ግን ሁለቴ ይጠይቋችሁ ይሆናል።

በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ልቀባው ወይስ ልለጥፈው?

ለጥፉት። ከውስጥ ከቀባችሁት ጽሑፉን ገልብጣችሁ መሥራት አለባችሁ። ከፊደላችን ተገልብጦ ራሱን የሚመስለው እንደ ‹ዐ› እና ‹ጠ› ያለው ጥቂቱ ነው፤ በእነሱ ብቻ ደግሞ ጥቅስ አይጻፍም። በቪኒል ግን ከውጭ እንዳለ ይነበባል። የኔ ሰማያዊና ነጭ ከኋላ መስታወቱ ላይ ‹ወራጅ አለ› የሚል አለው። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ሲስቅ አንዳንዴ ጥምዝ ይስታል፤ ይህም እንደ ፍጥነት ይቆጠርልኝ።

ለውድድር የትኛው ቀለም ይሻላል?

ከሩቅ የሚታየው። ይህ ጥያቄ የጣዕም ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሾፌሩ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆሞ ነው የሚነዳው። መኪናው ከ20 ሜትር በላይ ሲርቅ ክብሪት ያክላል። በእጅ ይዛችሁት የተደነቃችሁበት ረቂቅ ጌጥ ከዚያ ላይ አይታይም። ጥቁር መኪና አስፋልት ላይ ይጠፋል። ጥላ ውስጥ ሲገባማ ጨርሶ የለም።

ሌላም አለ። መኪናው ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ፊቱንና ጀርባውን በአንድ ጨረፍታ መለየት ካልቻላችሁ እጃችሁ ለአፍታ ያመነታል፤ ያቺ አፍታ ግድግዳ ናት። ስለዚህ ፊቱንና ኋላውን በሚራራቁ ቀለሞች ሥሩት። ኮፈኑ ብርቱካናማ ከሆነ ኋላው ነጭ ይሁን። ጣሪያው ላይ አንድ ወፍራም መስመር ብትጨምሩ መኪናው ወዴት እንደዞረ ይነግራችኋል። የሚያምር ግን የማይታይ መኪና ሠርቼ አውቃለሁ። አሁን መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ጥሩ ይታያል።

አብረዋችሁ የሚወዳደሩት ሰዎች ቀለምም ይቆጠራል። አምስት ቀይ መኪና ባለበት ስድስተኛ ቀይ ሆናችሁ ከገባችሁ የሌላ ሰው መኪና ‹ስትነዱ› ትገኛላችሁ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በየውድድሩ ይሆናል።

ቸርኬውን በስፕሬይ ብቀባው ይቆያል?

ብዙም አይቆይም። ነጭ የናይለን ቸርኬ ካላችሁ ግን የተሻለ ዘዴ አለ፤ የልብስ ማቅለሚያ። በጣም በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ ቸርኬውን ውስጡ አቆዩት። ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚገባ ቢጫርም አይታይም። ድስቱ ግን ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም፤ ከእማማ ድስት ራቁ። ከሌላ ፕላስቲክ በተሠራ ቸርኬ ላይ ማቅለሚያው በደንብ ላይዝ ይችላል፤ መጀመሪያ በአንዱ ሞክሩ።

በውስጡስ መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ሰው ሁሉ ወደ ሞተር ይሮጣል። ከሞተር በፊት ጎማ ነው። መሬት የማይቆነጥጥ ጎማ ላይ የተጨመረ ጉልበት መሽከርከር ብቻ ነው። ቀጥሎ ኩሽኔታ። ቲቲ-02ን የመሰሉ ርካሽ መኪናዎች ከብረት ኩሽኔታ ይልቅ የፕላስቲክ ቀለበት ይዘው ነው ብዙ ጊዜ የሚመጡት። አቧራ ይበላቸዋል፤ ሲበሉ ጥርሶቹ ይላቀቃሉ፤ ድምፁ ቡና እንደሚፈጭ ይሆናል። ሙሉውን በብረት ኩሽኔታ መቀየር ብዙ ዋጋ አይጠይቅም፤ መኪናው ግን ሌላ ይሆናል። ሦስተኛው ሾክ ነው፤ ሞላ ብቻ ያለውን አውጥቶ ዘይት ያለው ማስገባት።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ኑ። ሞተሩ ላይ የሚገጠመው ትንሹ ጥርስ ትልቅ በሆነ ቁጥር የመጨረሻ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አነሳሱ ይዘገያል፤ ሙቀቱ ይወጣል። አንድ አንድ ጥርስ እየጨመራችሁ ሞክሩ። ከሩጫ በኋላ ጣታችሁን ሞተሩ ላይ ሁለት ሴኮንድ ማቆየት ካቃታችሁ አብዝታችኋል።

መብራት ብጨምርበት ያዘገየዋል?

ኤሌክትሪኩ አያዘገየውም፤ ትንንሾቹ የኤልኢዲ መብራቶች የሚወስዱት ኢምንት ነው። የሚያስቸግረው ሽቦው ነው። ቦዲው በወለቀ ቁጥር የሚነቀልና የሚሰካ ነገር ይኖራል፤ አንድ ቀን ተረስቶ ይበጠሳል። ለማታ ሩጫና ለድሪፍት (ጎማ እያንሸራተቱ ለመንዳት) ያምራል። ለቀን ውድድር ትርፍ ሸክም ነው።

ቦዲው ተሰነጠቀ፤ ይጠገናል?

ይጠገናል፤ እንዲያውም ከመሰንጠቁ በፊት ማጠናከር ይሻላል። ከውስጥ በኩል፣ ቀለሙ ላይ፣ የጂፕሰም ቦርድ መገጣጠሚያ ላይ የሚለጠፈውን መረብ ፕላስተር አድርጉ። በላዩ ላይ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የጫማ ማስቲሽ ቀቡት። ከፓራውልቱ ጥጎችና ከጎማ ቅስቶቹ ጀምሩ። ሱፐር ግሉ አይሠራም። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ ገና ከሆነ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብሱለት፤ እዚያው ይቆማል።

ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሊያመጣልኝ ነው፤ ምን ምን ይችላል?

ስፕሬይ ቀለሙን አይችልም። ተቀጣጣይ ስፕሬይ በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ሻንጣው ተከፍቶ ይወሰድበታል። ቀለም ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ፤ ወይም በቪኒል ሥሩት።

ለብቻው የተያዘ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ ከሚገባው ሻንጣ ጋር አይሆንም። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው። የተለመደው 7.4 ቮልት፣ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። አየር መንገዱ ስንት ፍሬ እንደሚፈቅድ ግን ዘመድ ቀድሞ ይጠይቅ።

አዘጋጆቹ ቦዲዬን ከለከሉኝ፤ መብታቸው ነው?

ነው። በአሜሪካ ሮር፣ በአውሮፓ ኤፍራ የሚባሉት ማኅበራት የተፈቀዱ ቦዲዎች ዝርዝር አላቸው። በእነሱ ደንብ በሚካሄድ ውድድር ከዝርዝሩ የወጣ ቦዲ አይሮጥም። ምክንያቱ ጌጡ አይደለም፤ ቅርጹ ነው። አንዳንዱ ቦዲ መኪና መምሰሉን ትቶ መሬት የሚያስጨብጥ ክንፍ ብቻ ሆኗል። የጓደኛሞች ውድድር ከሆነ ግን ተነጋገሩ። ከመቀባታችሁ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የኋላ ክንፉ በእርግጥ ይሠራል? ባለቤቱ አዲስ አበባ ቢሆንስ?

በዝግታ ጌጥ ነው። በፍጥነት ግን ይሠራል፤ አየሩ ኋላውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ረጅም ጥምዝ ላይ ጭራው አይወጣም። ቦዲውን ራሱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ስታስኬዱት የፊት ጎማዎች ይበልጥ ይቆነጥጣሉ፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት መኪናው ይረጋጋል። ምሰሶውን በማርከር ምልክት አድርጉ ያልኩት ለዚህም ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው። ስለዚህ ክንፉ የሚጫነውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዱባይ ያለ ሰው በቪዲዮ ያሳያችሁን የክንፍ ማዕዘን እንዳለ አትቅዱ፤ ክንፉን ከዚያ ትንሽ ቀና አድርጉት። ሞተር ማቀዝቀዣው ፋንም የሚገፋው ስስ አየር ስለሆነ ከላይ ያልነውን ትንሽ ጥርስ በአንድ ቀንሱ።

መኪናዬ ካስዋብኩት በኋላ ጥምዝ ላይ ይገለበጥ ጀመር። ቀለም ይከብዳል እንዴ?

ቀለም ብቻውን አይደለም። ድምሩ ነው። አምስት ዙር ቀለም፣ በላዩ ነጭ ጀርባ፣ መረብና ማስቲሽ፣ መብራትና ሽቦ፣ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ወፍራም ዕቃ መጫኛ። ሁሉም ያረፈው ከመኪናው ላይኛው ክፍል ነው። ክብደቱ ከፍ ሲልና ጎማው መሬቱን በደንብ ሲይዝ መኪናው ከመንሸራተት ይልቅ ይገለበጣል።

መጀመሪያ ቦዲውን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን መዝኑት፤ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ ቀንሱ። የጣሪያው ጌጥ ይውረድ፤ ማስቲሹ ከጥጎቹ ውጪ ያለው ይፋቅ። መኪናውን ሾኮቹ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ቦዲውንም ምሰሶው ላይ ጎማውን እስከማይነካበት ድረስ አውርዱት። አሁንም የሚገለበጥ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን የውጭ ጎን ብቻ በስሱ ሱፐር ግሉ ቀቡት። ጎኑ ሲጠነክር ጥምዝ ላይ መቆንጠጡን ትቶ ይንሸራተታል። ማጣበቂያው መሬት የሚነካውን ክፍል እንዳይደርስበት ተጠንቀቁ። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትንዱት፤ አንድ ጊዜ ጎማዬን ከጠረጴዛ ጋር አጣብቄው በካተር ነው የለየሁት።